ዱሪያን በለስላሳ

አባቴን የገደለው ዱሪያን ነው አሉ፣
ዱሪያንና ለስላሳ ሆድ ውስጥ ሲጋደሉ።
እሾሃሙን ፍሬ በልቶ፣ በላዩ ላይ
ጥቁሩን ሲጨምር፣ አጓራ እንደ ሰማይ፣
አሉ።
ባንኬሮሃን ገበያ፣ ዳቫዎ ከተማ፣
ማን የማይናገር አለ፣ ማን የማይሰማ?
ዓሣ ሻጭ ለሙዝ ሻጭ፣ ሙዝ ሻጭ ለወፍጮ ቤት፣
በየደረሰበት አረፋ ጨመሩበት።

እናቴ ሉዝቪሚንዳ፣ የዱሪያን ነጋዴ፣
«ባሏን ያበላችው…» ሲሏት አንዳንዴ፣
መደቧን ሸፈነች በአልጋው አንሶላ፤
ፍሬው በሰበሰ ከነእሾሁ ሳይበላ።

እኔ፣ ደም መርማሪ፣ የሆስፒታል ሠራተኛ፣
የአባቴን ደም አየሁ፣ የዚያን ሌሊት ተረኛ፤
ማሽኑ ዋሸ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤
ሦስቴም ያው ቁጥር ነው፣ በእርሳስ መዘገብኩት።

ወሬው ግን ብቻውን መቼ ተወለደ፤
ከነወንድሞቹ ገበያ ወረደ፦
«ጥርስ ሲነክሩበት ሟሙቶ ያድራል»፣
«ጥቁሩ ነው መጥፎው፣ ነጩ ሆድ ያሽራል»።

የእህቴ ልጅ ዶዶንግ ጥርሱ ሲነቀል
ለምኜ ወሰድኩት፣ ጣራ ላይ ሳይጥል፤
ከተትኩት በብርጭቆ። ነጋ። ጥርሱ አለ፤
ቡናማ ለበሰ እንጂ ጥርስነቱን አልጣለ።
«ጨጓራሽስ?» ሲሉኝ፣ «እሱማ» አልኩ፣ «ራሱ
የሚያመነጨው አሲድ ይበረታል ከሱ።»
ነጩም ያው ስኳር ነው፣ ቀለሙ ቢጎድል፤
ውኃ ስለመሰለ ውኃ መሆን አይችል።

ቃል ለቃል ብንማዘዝ እስከ መቼ ድረስ?
አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ገበያው ሲፈርስ፣
ከእናቴ መደብ ላይ አንሶላውን ገፈፍኩ፤
አንድ ሙሉ ዱሪያን በቢላ ሰነጠቅኩ፤
ከኤስትረሊታ ኪዮስክ የቀዘቀዘ ገዝቼ
ተቀመጥኩ ሰው መሃል፣ ቆርኪውን ከፍቼ።

በላሁ። ጠጣሁ። ደግሞ በላሁ።
አጎቴ ፕሩደንስዮ ሰዓቱን አውልቆ ጨበጠ፤
አንዲት ባልቴት መቁጠሪያዋን አወጣች፤
አንድ ልጅ፣ «መቼ ነው የምትፈነዳው?» ብሎ እናቱን ጠየቀ።
አሥር ደቂቃ። ሃያ። አንድ ሰዓት።
ከዚያ፣ ከሆዴ ጥልቅ፣ አንድ ግሳት!
ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ፤ የዓሣ ቅርጫት ወደቀ፤
ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ገበያው ሳቀ።

ሳቁ ሳይበርድ ነገርኳቸው፦
«አባቴን የገደለው አንድ ማታ አይደለም።
ጂፕኒውን ሲነዳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መንገድ፣
በየጫፉ አንድ ጠርሙስ፣ ጥማቱ እንዲበርድ፤
ባንዱ ጠርሙስ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ስኳር፤
በቀን አራት ጠርሙስ፤ ቁጠሩት በወር፣
በዓመት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት…
ጠርሙሱ ብቻ ነው አልልም፤ እናቱም በዚሁ በሽታ ሞታለች፣
ደም ያወርሳል።
ግን እግሩ ሲደነዝዝ፣ ጫማዬ ጠበበኝ አለ፤
ዓይኑ ሲደበዝዝ፣ የጂፕኒውን መስታወት ጠረገ፤
በሽታው በጓሮ ገባ፣ ኮቴው ሳይሰማ።
ዱሪያኑማ የመጨረሻው ማታ እንግዳ ነበር፤
በሩ ላይ ተገኘና ሌባ ተባለ።»

ማን ሰማኝ? ለእነሱ ግሳቱ በቃ።
«ታዲያ አይገድልም!» ብሎ ሰዉ ነቃ፣
ተሰለፈ ኤስትረሊታ ደጃፍ፤ በረዶዋ አለቀ፤
ቆርኪው እንደ ተበተነ ቆሎ ከእግራችን ሥር ተንቃቃ።
እናቴ ከወራት በኋላ ዱሪያኗን ሸጣ ጨረሰች፤
ብሩን ሳትቆጥር መቀነቷ ውስጥ ከተተች፤
«አንዱን ውሸት ገደልሽ» አለችኝ፣
«እይ፣ ተዝካሩን በምን እንደሚያወጡት።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ የላቦራቶሪው መስኮት ሳይከፈት፣
አጎቴ ፕሩደንስዮ ቆሟል፤ ሰዓቱ እጁ ላይ፣
ባርኔጣው ብብቱ ሥር።
ሰላምታም የለ። ጣቱን በመስኮቱ አሾልኮ ዘረጋልኝ።
«ከፋሲካ ወዲህ…» አለ፣ ወደ መሬት እያየ፣
«ጫማዬ ጠበበኝ።»